የባህረ ሰላጤው ውሃና የተረሱት ሳጥኖች

ኩዌት፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ውስጥ ቧንቧ ስትከፍቱ የሚወርደው ውሃ በአብዛኛው ከጥቂት ጊዜ በፊት ባህር ውስጥ የነበረ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያም ሆነች ኩዌት ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላቸውም። ኩዌት ከምትጠጣው ውሃ 90 በመቶ ገደማው፣ ሳዑዲ ደግሞ 70 በመቶ ገደማው ጨው ከተለየለት የባህር ውሃ የሚገኝ ነው። ኳታር ውስጥ የሚጠጣው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚሁ ነው። ሩዝ የምትቀቅሉት፣ ወለል የምታጥቡት፣ የቤቱ ሰዎች ውዱእ የሚያደርጉት በዚህ ውሃ ነው።

ስለዚህ ውሃ ስጋት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጦርነት ነው። ጣቢያው በሚሳኤል ቢመታስ? ባህሩ ቢበከልስ? ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ብዙም የማይወራለት፣ ጦርነት ሳይኖርም ሊደርስ የሚችል ሌላ አደጋ አለ። ኦገስት 20 ቀን 2025 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከሩሲያ የደህንነት መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች በሺዎች ከሚቆጠሩ የኔትወርክ መሣሪያዎች የቅንብር ፋይሎችን እንደወሰዱ፣ በተለይም ፋብሪካዎችን በሚቆጣጠሩ ሥርዓቶች ላይ ፍላጎት እንዳሳዩ ቢሮው ገልጿል። የሚገርመው የገቡበት ቀዳዳ ነው። ሲስኮ የተባለው አምራች በስዊቾቹ ላይ ለነበረው ለዚያ ቀዳዳ መድፈኛውን ያወጣው በማርች 2018 ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ መድፈኛ እያለው፣ ማንም ያልደፈነው ስዊች በየቦታው ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ትንታኔ ስለነዚያ የተረሱ ሳጥኖች ነው። ማን ይገዛቸዋል? ሲያረጁስ ማን ያያቸዋል? ጉዳዩ የመሐንዲሶችና የጨረታ ኮሚቴዎች ይመስላል። ውሃው ሲቋረጥ ግን ባልዲ የሚያነሳው ኮሚቴው አይደለም።

ስዊች ምንድን ነው?

ስዊች ሲባል የመብራት ማብሪያና ማጥፊያው እንዳይመስላችሁ። ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከዋይፋዩ አጠገብ፣ ገመዶች የተሰኩበትና ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ሳጥን አይታችሁ ይሆናል፤ አቧራውን የምትወለውሉትም እናንተ ናችሁ። የፋብሪካው ስዊች የዚያ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው መልእክት ማደል ነው። በአንዱ ገመድ የገባውን መልእክት አድራሻውን አይቶ ለሚመለከተው ብቻ በሌላው ገመድ ያስወጣል።

በአዲሶቹ ጨው ማስወገጃ ጣቢያዎች የባህሩ ውሃ ወንፊት በሚመስል፣ እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ተገፍቶ እንዲያልፍ ይደረጋል። የሚገፋው ግፊት 60 ባር ገደማ ነው፤ ከመኪና ጎማ አየር 25 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ይህን ግፊት የሚፈጥሩት ፓምፖች፣ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ቫልቮች፣ ክሎሪን የሚመጥኑት መሣሪያዎች ሁሉ ፒኤልሲ በሚባሉ ትናንሽ ተቆጣጣሪ ኮምፒውተሮች ይታዘዛሉ። ፒኤልሲዎቹ እርስ በርስና መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገሩት በስዊቾች በኩል ነው።

አንድ ስዊች ሲሞት ፓምፑ ወዲያው ይፈነዳል ማለት አይደለም። የፒኤልሲው ፕሮግራም እዚያው በራሱ ውስጥ ስላለ ለጊዜው ብቻውን ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጠው ሰው የሚያየው ስክሪን ይደርቃል፤ ግፊቱ ጨምሮ ይሁን ቀንሶ አያውቅም። አንዱ ፒኤልሲ ከሌላው የሚጠብቀውን ምልክት ሲያጣ ደግሞ ለደህንነት ሲባል ማሽኑን ያቆማል። የቆመ ጣቢያ እንደ ቴሌቪዥን ቁልፍ ተጭነው የሚያበሩት አይደለም። ሽፋኖቹ መታጠብ፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ መነሳት፣ የወጣው ውሃ መመርመር አለበት።

ሌባ ሳይኖር የቆመው ማብላያ

ለዚህ በደንብ የተመዘገበው ምሳሌ ከባህረ ሰላጤው ሩቅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት የሚገኘው ብራውንስ ፌሪ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ኦገስት 19 ቀን 2006 በሦስተኛው ማብላያ ውሃ የሚያዘዋውሩት ሁለት ትልልቅ ፓምፖች ቆሙ። ሠራተኞቹ ማብላያውን ራሳቸው ለማጥፋት ተገደዱ።

ምክንያቱ ሲመረመር በጣቢያው የውስጥ ኔትወርክ ላይ የመልእክት ጎርፍ ተፈጥሮ እንደነበር ታወቀ። የፓምፖቹን ፍጥነት የሚወስኑት መሣሪያዎች ለእነርሱ ያልተላከውን መልእክት ሁሉ ለማስተናገድ ሲሞክሩ አቅም አጥተው ደነዘዙ። ጉዳዩ የተመዘገበው እንደ ጥቃት ሳይሆን እንደ ኔትወርክ ብልሽት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ወደነዚያ መሣሪያዎች የሚሄደውን መልእክት የሚገድብ ሌላ መሣሪያ መሃል ላይ ማስገባት። ያንን ከመጀመሪያው ማድረግ ይቻል ነበር።

እንዲህ ያለ ጎርፍ በብዙ መንገድ ይፈጠራል። በጣም ተራው ግን የቸኮለ ሠራተኛ የአንድን ገመድ ሁለት ጫፎች እዚያው አንድ ስዊች ላይ ሲሰካ ነው። መልእክቱ ወጥቶ ይገባል፣ ገብቶ ይወጣል፣ እየተባዛ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ባለሙያዎች ማኔጅድ የሚሉት፣ ማለትም ቅንብር የሚቀበለው ስዊች ይህን ዙር አውቆ አንዱን ጫፍ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። አንማኔጅድ የሚሉት ርካሹ ግን የሰኩትን ሁሉ ዝም ብሎ ያስተላልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ጎርፉንም አይከለክልም። ከሳጥኑ አውጥተው ሰክተው የሚሄዱት ስለሆነ ጫኚዎች ይወዱታል። ጉድለቱን የሚያየው ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው።

ርካሹን የመረጠ ጨረታ

እዚህ ላይ ግዢው ይመጣል። ለቢሮ የሚሠራ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ሙቀት ላለበት ክፍል የታሰበ ነው። ብዙው ፋን አለው፤ ፋኑም አቧራና ጨዋማ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የኢንዱስትሪው ዓይነት ፋን የለውም፤ ሙቀቱን በብረት ሰውነቱ ያስወጣል። ብዙዎቹ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በላይ 75 ዲግሪ እንዲሠሩ ተደርገው ይመረታሉ፤ አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ቢጠፋ ሌላው እንዲተካ ሁለት መግቢያ አላቸው። ለባህር ዳር ጣቢያ የሚታዘዙት ደግሞ ውስጣቸው ጨው እንዳይበላው ቀጭን ሽፋን ሊቀቡ ይችላሉ። ዋጋቸው ከቢሮው ዓይነት ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ጨረታው ላይ የሚጻፈው "ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች" ብቻ ከሆነ፣ አቅራቢው የቢሮውን ቢያመጣ ውሉን አላፈረሰም። ተሰክቶም ይሠራል። የርክክቡ ቀን ሁሉም ፈርሞ ፎቶ ይነሳል።

ሙቀቱ ግን ይቆጥራል። ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በተባለ ቦታ ጁላይ 21 ቀን 2016 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። ይህ የአየሩ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ከዚያም ይብሳል። በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ውስጥ የታወቀ አንድ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ካፓሲተር የሚባለው ክፍል ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ45 ዲግሪ 10 ዓመት የሚቆይ ክፍል በ55 ዲግሪ 5 ዓመት፣ በ65 ዲግሪ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳጥኑ ሲሞት ግዢውን የፈረመው ሰው ሌላ ቦታ ተዛውሯል።

ጥሩ ጣቢያዎች ስዊቾቻቸውን በቀለበት ያያይዛሉ። አንዱ ገመድ ቢበጠስ መልእክቱ በሌላኛው በኩል ዞሮ ይደርሳል፤ ለውጡ የሚፈጀው ከአንድ ሰከንድ በጣም ያነሰ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ወጥመድም አለው። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ሥራው ስላልቆመ ማንም ላያይ ይችላል። ወራት ያልፋሉ። ሁለተኛው ቦታ ሲበጠስ ነው ጣቢያው ግማሽ ጎኑን የሚያጣው፤ ሪፖርቱ ላይም "ድንገተኛ ብልሽት" ተብሎ ይጻፋል። ድንገተኛ አልነበረም። ስዊቹ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማውጫ አለው፤ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ነው ያልተመደበው።

የቀለበቱ ቋንቋ ደግሞ ከአምራች አምራች ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ አምራች የራሱን ብቻ የሚያናግር ዘዴ ይጠቀማል። ዛሬ በርካሽ የተገዛው ምርት ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት መለዋወጫውንም ከዚያው ሻጭ እንድትገዛ ሊያስርህ ይችላል ማለት ነው። ከ2021 እስከ 2022 በነበረው የቺፕ እጥረት ጊዜ አንዳንድ የኔትወርክ መሣሪያ ለማግኘት ከዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆኖ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ተመሳሳይ መለዋወጫ ያስቀመጠ ጣቢያ አልተጨነቀም። ያላስቀመጠው ገበያ ወጣ።

ገበያው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በ2019 መጨረሻ አካባቢ አንድ ኩባንያ የሲስኮ ስዊቾቹን ሶፍትዌር ሲያድስ ጥቂቶቹ ሥራ አቆሙ። ኤፍ-ሴኪዩር የተባለው የፊንላንድ የደህንነት ድርጅት መርምሮ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ስዊቾቹ አስመስለው የተሠሩ መሆናቸውን አሳወቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ እውነተኛው ሲሠሩ ነበር። በሜይ 2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ የፍሎሪዳ ነጋዴ ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ያስመጣቸውን አስመስለው የተሠሩ የሲስኮ መሣሪያዎች ለዓመታት በመሸጡ ስድስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። ዕቃዎቹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሥርዓቶች ውስጥ ሳይቀር ተገኝተዋል። ጦር ሠራዊቱ ከተሸወደ የአንድ ክፍለ ከተማ የውሃ ግዢ ክፍል ቢሸወድ አይደንቅም።

የማይድን ዕድሜ

ከግዢ በኋላ ያለው ጥገና ከግዢውም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለውም። ጨው ማስወገጃ ጣቢያ ከ25 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። አንድ የስዊች ሞዴል ግን ገበያ ላይ ቆይቶ፣ አምራቹም ሶፍትዌሩን እያደሰለት የሚዘልቀው ከዚያ በጣም ላነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝበት መድፈኛ አይመጣም። ሳጥኑ ግን መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ይሠራል። የሚሠራ ነገር ለምን ይቀየራል የሚል የገንዘብ ኃላፊ ደግሞ በየሀገሩ አለ።

መድፈኛ ሲኖርም ማደስ ቀላል አይደለም። ስልካችሁን ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ እንደምታድሱት ስዊቹን ማደስ አይቻልም፤ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ሲነሳ ደግሞ እንደ ቀድሞው ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ጣቢያው ለጥገና እስኪቆም ይጠበቃል፤ በባህረ ሰላጤው ይህ ብዙውን ጊዜ የውሃ ፍላጎት የሚቀንስበት የቅዝቃዜ ወራት ነው። ያ ጊዜ ካመለጠ አንድ ዓመት ይጨመራል። ሰርጎ ገብ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከላይ ያነሳነው የ2018 ቀዳዳ መድፈኛ በወጣ በዘጠነኛው ቀን፣ ኤፕሪል 6፣ ኢራንን ጨምሮ በብዙ ሀገሮች ስዊቾች ተመትተው ስክሪኖች ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ታየ። የኢራን የመገናኛ ሚኒስቴር በዓለም ዙሪያ 200,000 ገደማ፣ በሀገሩ 3,500 ገደማ መሣሪያዎች መነካታቸውን ተናግሮ ነበር።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ሶፍትዌር ቶሎ ማደስ አይደለም። ማደስ የማይችል ጣቢያም ብዙ ማድረግ ይችላል። የማያስፈልጉ ቀዳዳዎችን መዝጋት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ የእያንዳንዱን ስዊች ቅንብር ቅጂ ማስቀመጥ፣ የትኛው ሳጥን የት እንዳለ በወረቀትም ቢሆን መዝግቦ መያዝ። አንዳንዶቹ ስዊቾች ቅንብራቸውን የምትይዝ ትንሽ ተነቃይ ካርድ አላቸው፤ ሳጥኑ ሲሞት ካርዷን አውጥቶ አዲሱ ላይ መሰካት በቂ ነው፤ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ካርዷ ያልተገዛች እንደሆነ ግን ያንኑ ሥራ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከዜሮ የሚጀምር ቴክኒሻን ይኖራል።

ቴክኒሻኑን ካነሳን፣ በባህረ ሰላጤው ያ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ እናንተው በውል የመጣ ስደተኛ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሀገሩ ይገባል፤ ሥራው ለሌላ ኮንትራክተር ይሰጣል። የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ቀረ? በዚህ ረገድ አውስትራሊያ ያየችው በትምህርትነት ይጠቀሳል። በ2000 ኩዊንስላንድ ውስጥ ማሩቺ በተባለው አካባቢ የፍሳሽ መቆጣጠሪያውን በገጠመው ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው፣ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ በሬዲዮና በላፕቶፕ ፓምፖቹን እያዘዘ 800,000 ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ በመናፈሻና በወንዝ ውስጥ አስለቅቋል። በ2001 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኮንትራክተር ሲቀየር ሁሉን ቁልፍ መቀየር ለቤት ኪራይ የሚደረግ ነገር ነው፤ ለውሃ ጣቢያ የበለጠ ይገባል።

በኖቬምበር 2023 ደግሞ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ አሊኪፓ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከኢራን አብዮታዊ ዘብ ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች የአንድ የውሃ መግፊያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ውስጥ ገቡ። ተመሳሳዮቹ ተቆጣጣሪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል 1111 ነበር። መሣሪያው በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ነበር። የከተማዋ ሠራተኞች ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ፤ ውሃው አልተቋረጠም። በእጅ መሥራት የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው። ዩክሬንም ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ይህንኑ አይታለች። 225,000 ገደማ ደንበኞች ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት መብራት ጠፋባቸው፤ አጥቂዎቹ በመውጫቸው ላይ በማከፋፈያ ጣቢያዎቹ የነበሩትን መልእክት አስተላላፊ ሳጥኖች ሶፍትዌር አጥፍተው እንዳይነሱ አደረጓቸው። ሠራተኞች መኪና አስነስተው በየጣቢያው እየሄዱ መብራቱን በእጅ መለሱ። ከሁለት ወር በኋላም መቆጣጠሪያ ማዕከሎቹ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከሉም ነበር።

የባህረ ሰላጤው መዝገብ

ይህ አካባቢም የራሱ ታሪክ አለው። ኦገስት 15 ቀን 2012 ሻሙን የተባለ ቫይረስ የሳዑዲ አራምኮን 30,000 ገደማ ኮምፒውተሮች ጠርጎ ባዶ አደረጋቸው። ብዙም ሳይቆይ የኳታሩ ራስጋዝ ተመታ። የአራምኮ ነዳጅ ማውጣት ግን አልቆመም። የቢሮው ኔትወርክ ነዳጁን ከሚያወጡት ማሽኖች ኔትወርክ ተለይቶ ስለነበር ነው። ያንን መለየት በተግባር የሚሠሩት ስዊቾችና ከእነርሱ ጋር የሚቀመጡ ፋየርዎሎች ናቸው። ሳጥኖቹ ቢረሱ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

በ2017 የደረሰው ከዚያ ያስፈራል። ሳዑዲ ውስጥ በአንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ፍንዳታና የመርዝ ጋዝ መፍሰስን ለመከላከል የተቀመጡት የደህንነት ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው ትራይተን በተባለ ሶፍትዌር ተነኩ። ፋብሪካው በኦገስት የቆመው ተቆጣጣሪዎቹ ስህተት አይተው ራሳቸውን ስላጠፉ ነው፤ የሰው ሕይወት አልጠፋም። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በ2020 አንድ የሩሲያ መንግሥት የምርምር ተቋም ላይ በዚህ ምክንያት ማዕቀብ ጥሏል። ከሁሉ የሚቆጨው ግን ትንሹ ነገር ነው። በተቆጣጣሪው ፊት ላይ ፕሮግራሙን ለመቀየር የምትዞር አንዲት ቁልፍ አለች፤ ሥራ ሲያልቅ መመለስ አለባት። አልተመለሰችም ነበር። የቤቱን በር ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

ሳዑዲ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ባለሥልጣኗን ያቋቋመችው በዚያው በ2017 ነው፤ በ2022 ደግሞ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችን ብቻ የሚመለከት አስገዳጅ መመሪያ አውጥታለች። የመሣሪያ ዝርዝር መያዝን፣ ኔትወርክን መለየትን፣ የአቅራቢዎችን ጉዳይ ይሸፍናል። መመሪያው ጥሩ ነው። ጨረታውን የሚያሸንፈው ዝቅተኛው ዋጋ እስከሆነ ድረስ ግን መመሪያና መጋዘን አይገናኙም የሚል ጥርጣሬ አለኝ። ጨረታ ላይ የስዊቹን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የ15 ዓመት መለዋወጫውን፣ የሶፍትዌር እድሳቱን፣ የሙቀት ደረጃውን አብሮ የሚጠይቅ ገዢ ከጊዜ በኋላ ብዙ ይቆጥባል።

ቤት ውስጥ ምን ማለት ነው?

አንድ ጣቢያ ለሰዓታት ቢቆም ቧንቧው ወዲያው አይደርቅም። ሀገሮቹ ማጠራቀሚያ አላቸው። ኳታር በ2018 መጨረሻ የመረቀቻቸው ግዙፍ ማጠራቀሚያዎች የሰባት ቀን ያህል ፍጆታ እንዲይዙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መጠባበቂያ የምትሠሩበት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። እርሱም ካለቀ ሳዑዲ ያላችሁ ዋይት የምትሉት የውሃ ቦቴ ይጠራል፤ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስለሚጠራው ዋጋውም ወረፋውም ይንራል።

በዚህ መሃል የቤቱ ሥራ አይቀንስም። ልብስ በእጅ፣ ዕቃ በሳፋ፣ ሽንት ቤት በባልዲ ይሆናል። ይህም ሥራ ነው፤ ሰዓቱም ይቆጠራል። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራትን አይፈቅድም፤ የኳታር የ2017 ሕግ ጣሪያውን 10 ሰዓት አድርጎታል። ውሃ ጠፋ ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ባልዲ ስታመላልሱ ብታድሩ በማግስቱ ዕረፍት መጠየቅ ጥጋብ አይደለም።

በዋትስአፕና በቲክቶክ "ውሃው ተመርዟል፣ አትንኩት" የሚል የድምፅ መልእክት ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት የሀገሩ የውሃ ሚኒስቴር ወይም ባለሥልጣን ምን እንዳለ አሠሪዎቻችሁን ጠይቁ። በባህረ ሰላጤው ሀገሮች ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል፤ መልእክቱ ከሌላ ሰው የመጣ መሆኑም ላያድናችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ከታች ወደ ጣሪያ የሚገፋው ዲናሞ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ከሌለው ደረቁን ይሽከረከራል። ደረቁን የሚሽከረከር ዲናሞ ግሎ ይቃጠላል። ድምፁ ተለውጦ ሲጮህ ከሰማችሁ ለማዳም ንገሩና ከሶኬቱ እንዲነቀል አድርጉ፤ የተቃጠለ ዲናሞ ሂሳብ በመጨረሻ ማን ላይ እንደሚዞር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።